«አትብዪ» ስትሉን ምክንያቱንም ንገሩን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? በዛሬው ክፍል እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማነሳው ነፍሰ ጡር ሴትና አጥቢ እናት ስለሚበሉት ምግብ ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ ስለ ምግባቸው ሌላው ሰው ሁሉ ስለሚናገረው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

አንዲት ሴት ማርገዟ በታወቀ ማግስት ሳህኗ የጋራ ንብረት ይሆናል። ጎረቤት፣ አማት፣ የሥራ ባልደረባ፣ አብሯት ወረፋ የሚጠብቅ የማታውቀው ሰው ሳይቀር አስተያየት አለው። አንዱ «ለሁለት ነው የምትበዪው፣ ጨምሪ እንጂ» ይላታል። ሌላው «ልጁ ገዝፎ በምጥ እንዳያስቸግርሽ ቀንስ አድርጊ» ይላታል። ሁለቱም ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም ምን ጎደለሽ ብለው አይጠይቋትም።

እኔ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። በመጀመሪያው እርግዝናዬ ክትትል ስጀምር አንዲት ወረቀት ተሰጠችኝ፤ ከላይ እስከ ታች «አይበላም፣ አይጠጣም» የምትል። አልኮል፣ ቡና፣ ጉበት፣ ያልፈላ ወተት፣ ያልበሰለ ሥጋ፣ ትልልቅ ዓሣ፤ ሁሉም እኩል በሆነ ፊደል ተደርድረዋል። አልኮልና ቡና እኩል ናቸው? ጉበት ምን አጥፍቶ ከአልኮል ጋር ተሰለፈ? ወረቀቷ መልስ የላትም። ነርሷን ስጠይቃት «ለልጅሽ ስትዪ ነው» አለችኝ። ይህ መልስ አፍ ያስይዛል። «ለልጅሽ» ከተባለች በኋላ ደፍራ «እንዴት?» የምትል እናት ከየት ትመጣለች?

ከዚያ ወዲህ ባነበብሁ ቁጥር አንድ ሐሳብ እየጠነከረብኝ መጥቷል። ከክልከላዎቹ አብዛኞቹ በቂ ምክንያት አላቸው፤ ነገር ግን ምክንያታቸው ለየቅል ነው። ምክንያቱን ያወቀች ሴት የቱን ማጥበቅ፣ የቱን ማላላት እንዳለባት ራሷ ትለያለች። ያልተነገራት ግን ወይ ሁሉንም ትፈራለች፣ ወይ ተሰላችታ ሁሉንም ትተዋለች።

ከጉበት ልጀምር፤ ምክንያቱም ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባኝ እሱ ነው። የደም ማነስ ያለባትን ነፍሰ ጡር ሰው ሁሉ «ጉበት ብዪ» ይላታል፤ ወረቀቷ ደግሞ ትከለክላታለች። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ጉበት በብረት የበለጸገ ነው። ነገር ግን ሬቲኖል የሚባለውን የቫይታሚን ኤ ዓይነት በጣም አጭቆ ይዟል። ሬቲኖል በስብ እንጂ በውኃ ስለማይሟሟ ትርፉ በሽንት አይወጣም፤ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። የፅንሱ አካል በሚሠራባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልክ ካለፈ አፈጣጠሩን ሊያዛባ ይችላል። ካሮት ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ግን እንዲህ አይደለም፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው እንደ ፍላጎቱ መጠን ነው። ይህን ያወቀች ሴት አንድ ቀን ሳታውቅ ጥቂት ጉበት ብትቀምስ ሌሊቱን ሙሉ አታለቅስም፤ በየቀኑ የምትውጠው ቫይታሚን ወይም የዓሣ ጉበት ዘይት ላይ ሬቲኖል ተብሎ መጻፉን ግን ታያለች። ጉበት የምትከለክል ወረቀት ስለ ክኒኑ አንድም ቃል አልነበራትም።

የወተትና የአይብ ነገር ሌላ ነው። እዚያ የሚፈራው ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ክፋቱ በማቀዝቀዣ ውስጥም መራባቱ ላይ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ከሌላው ሰው 10 እጥፍ ያህል የተጋለጠች ናት፤ እሷን ጉንፋን መሳይ ትኩሳት ብቻ አስይዞ ሲያልፍ ፅንሱን ግን ሊገድል ይችላል። እሳት ያጠፋዋል። ስለዚህ ክልከላው በአይብ ላይ ሳይሆን ባልፈላ ወተት ላይ፣ ተበስሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከርሞ ሳይሞቅ በሚበላ ምግብ ላይ ነው። «አይብ አትብዪ» ከማለት «አሙቂው» ማለት ምን ያህል ይቀላል!

የዓሣው ታሪክ ያሳዝናል። በጃፓን ሚናማታ በምትባል ከተማ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ ወደ ባሕር ሲለቅ ኖሮ፣ በ1956 በሽታው በይፋ ታወቀ። ሐኪሞቹን ያስደነገጠው ልጆቹ ናቸው፤ ዓሣውን የበሉት እናቶች ብዙም ሳይታመሙ ልጆቻቸው ከባድ የአንጎል ጉዳት ይዘው ተወለዱ። እስከዚያ ድረስ እንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም ተብሎ ይታመን ነበር። ሜርኩሪ ትንሹን ዓሣ ትልቁ፣ ትልቁን የባሰው ትልቅ እየዋጠው ስለሚጠራቀም የሚፈሩት ሻርክንና ሰይፍ ዓሣን የመሳሰሉ አዳኞች ናቸው። ሳርዲንና ሳልሞን ግን ለፅንሱ አንጎል የሚጠቅም ስብ አላቸው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ያለውን እንድትበላ ይመክራል። «ዓሣ» የሚለው አንድ ቃል ብዙ እናቶችን ከሁሉም ዓሣ አርቋል፤ ይኼ ደግሞ ጥበቃ ሳይሆን ጉዳት ነው።

አልኮል ላይ አልከራከርም። በ1968 ፈረንሳዊ ሐኪሞች፣ በ1973 ደግሞ አሜሪካውያን በእናት መጠጥ የተጎዱ ልጆችን ገጽታና የአንጎል ችግር ከገለጹ ወዲህ፣ ይህን ያህል ቢጠጣ አይጎዳም ተብሎ የተረጋገጠ መጠን አልተገኘም። ስለዚህ መተው ነው። ቡና ግን የመጠን ጉዳይ ነው። ብዙ አገሮች በቀን 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ድረስ ይፈቅዳሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ300 በላይ የምትጠጣ ሴት እንድትቀንስ ይመክራል። የነፍሰ ጡር ሰውነት ካፌይንን ለማስወገድ ከወትሮው ብዙ ሰዓት ስለሚወስድበት ልክ ማበጀቱ ተገቢ ነው። ጠዋት አንዲት ስኒ ጠጥታ የበደለኝነት ስሜት የሚያድርባት ሴት ግን ያለ ጥፋቷ ተቀጥታለች።

አንዳንዱ ምክር ደግሞ ራሱ ይገለበጣል። በ1998 ብሪታንያ ውስጥ በቤተሰባቸው አለርጂ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮችና አጥቢዎች ኦቾሎኒ ቢተዉ ይሻላል ተባለ። እናቶች ታዘዙ። በ2009 ማስረጃ የለውም ተብሎ ተነሣ። በ2015 የወጣ ትልቅ ጥናት ጭራሽ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ገና በመጀመሪያው ዓመታቸው ኦቾሎኒ ያለበት ምግብ ሲሰጣቸው የኦቾሎኒ አለርጂ 80 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳየ። ሳይንስ ራሱን ማረሙ አያስከፋኝም፤ ሥራው ነው። የሚያናድደኝ ክልከላው በነጋሪት ታውጆ መነሣቱ በሹክሹክታ መነገሩ ነው።

በሁለተኛው እርግዝናዬ ያገኘኋት አዋላጅ ነርስ ግን ሌላ ሰው ነበረች። ወረቀት አልሰጠችኝም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ቤት ውስጥ የሚያበስለው ማነው? ገበያስ ማን ይወጣል?» ብላ ነው። ከዚያ የብረት ክኒኑን እጄ ላይ አስቀምጣ «ሰገራሽን ያጠቁረዋል፤ አትደንግጪ። ሆድ ያደርቃል፤ ውኃና አትክልት አብዢ። ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት ጋር አትውሰጂው፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ያለበት ነገር ግን ያግዘዋል» አለችኝ። ጠቅላላ ንግግሯ ደቂቃ አልፈጀም። አንዲት ጓደኛዬ ይህ ሳይነገራት ቀርቶ ሰገራዋ ጠቁሮ ስታይ ደም መስሏት ክኒኑን ጥላዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት እንዲወስዱ የሚመክረው በዋዛ አይደለም፤ በእርግዝና የደም መጠን ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል፣ የደሙ ውኃ ደግሞ ከቀይ የደም ሴል ቀድሞ ስለሚበዛ ደሙ ይቀጥናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሉሲ ዊልስ የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም በቦምቤይ የሚኖሩ ነፍሰ ጡር ሠራተኞች የደም ማነስ በእርሾ ጭማቂ እንደሚድን በ1931 ጻፈች። በእርሾው ውስጥ የነበረው ኋላ ፎሌት ተባለ። በ1991 ደግሞ በብሪታንያ የተመራ ጥናት፣ ቀድሞ የሕብለ ሰረሰር ክፍተት ያለበት ልጅ የወለዱ ሴቶች በክኒን የሚሰጠውን የፎሌት ዓይነት፣ ፎሊክ አሲድን፣ ቢወስዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ችግሩ ጊዜው ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ ብዙ ሴት የወር አበባዋ መቅረቱን ገና መጠራጠር በምትጀምርበት ጊዜ። ለዚህ ነው በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ከማርገዝ በፊት መጀመር የሚመከረው። እኔ ያቺ ወረቀት እጄ ስትገባ ቱቦው ከተዘጋ ቆይቷል።

«ለሁለት ብዪ» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚጨመር ካሎሪ የለም ማለት ይቻላል፤ በመካከለኞቹ 340፣ በመጨረሻዎቹ 450 ገደማ ነው። 340 ካሎሪ ማለት ሁለት እንቁላል፣ አንድ ቁራሽ ዳቦና ግማሽ ብርጭቆ ወተት ያህል ነው። የብረት ፍላጎት ግን በአንድ ጊዜ በግማሽ ያድጋል። ስለዚህ የሚጨምረው የሳህኑ ቁመት አይደለም፤ የሚቀመጥበት ነገር ነው። ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የበላችው ሁሉ የሚመለስባት ሴት ይህን ስትሰማ ልታፍር አይገባትም፤ የተቻላትን በጥቂት በጥቂቱ ትብላ። ውኃ እንኳ አልረጋ ካላትና ክብደቷ ከቀነሰ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ልጁ ሲወለድ ዝርዝሩ ያበቃል ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰ። «ጎመን በልተሽ ልጁን ነፋሽው!» ተባልሁ። ወተት የሚሠራው ከደም ነው፤ የጎመን አየር ደግሞ የሚፈጠረው በአንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች አሠሩን ሲያብላሉት ነው። አሠሩ እዚያው ይቀራል፤ ወደ ወተት ተሻግሮ ልጁን የሚነፋ ነገር የለም። የሚሻገረው ጣዕም ነው፤ እሱም ጥሩ ዜና ነው። በ2001 በፊላደልፊያ የወጣ ጥናት ላይ በእርግዝናቸው መጨረሻ ወይም በማጥባት ወራት የካሮት ጭማቂ የጠጡ እናቶች ልጆች፣ ምግብ ሲጀምሩ የካሮት ጣዕም ያለውን ገንፎ ፊታቸውን ብዙም ሳያኮማትሩ ተቀብለዋል። የተለያየ ምግብ የምትበላ እናት ልጇን ከማዕዱ ጋር እያስተዋወቀችው ነው።

እውነተኛ ልዩ ሁኔታዎችም አሉ። የላም ወተት ፕሮቲን በእናት ጡት ስለሚያልፍ የሚያሳክካቸው ወይም ሰገራቸው ደም የሚቀላቅል ጥቂት ሕፃናት አሉ፤ ያን ጊዜ እናት በሐኪም ምክር ወተት ታቆማለች። አልኮልም በወተት ውስጥ በደም ውስጥ ባለው ልክ ነው የሚገኘው፤ ወተቱን አልቦ መድፋት መውጣቱን አያፋጥነውም፣ ከደሟ እስኪወጣ መጠበቅ ብቻ ነው። «ውኃ ጠጪ፣ ወተትሽ ይበዛል» የሚባለውም ልኩ ጥማትን መከተል ነው፤ ወተት የሚበዛው ጡት በተጠባ ቁጥር እንጂ ያለ ጥማት በተጋተ ውኃ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በጣም ያስገረመኝ ወተት ከእናት አካል የሚወስድበት ሥርዓት ነው። አዮዲን፣ ቫይታሚን ኤና ቢ 12 በምግቧ ከጎደሉ በወተቷም ይጎድላሉ፤ በተለይ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማትበላ እናት ቢ 12 መውሰድ የግድ ነው፤ አለዚያ የልጁ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ካልሲየምና ብረት ግን እሷ ባትበላም በወተቱ ውስጥ ብዙም አይቀንሱም። የሚጎዳው የእናቲቱ ክምችት ነው። በማጥባት ወራት አጥንቷ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚሆን ማዕድን ሊያጣ ይችላል፤ ጡት ካስጣለች በኋላ ባሉት ወራት አብዛኛው ይመለሳል። «ልጁ ወፍሯል፣ ወተትሽ ጥሩ ነው» ስትባል ስለ ራሷ ምንም አልተባለላትም ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ በነበሩኝ ቀጠሮዎች ልጄ በየጊዜው ተመዝኗል፤ የእኔን ደም የለካ አልነበረም። የደም ማነስ በሚበዛባቸው አካባቢዎች የወለደች ሴት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ብረት እንድትወስድ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። በቅርብ የወለዳችሁ የምታደምጡኝ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሕፃኑ ከሚዛኑ ሲወርድ የደም ማነስ የሚለካበት ሄሞግሎቢናችሁ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ክፍል ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ስለሚሰጥ የመጀመሪያ ምግብ አወራለሁ። ደህና ሰንብቱ።