ፊቷ ስቲከር ሆነ

(ጥቁር ስክሪን። የቴሌግራም መልእክት ድምፅ ይሰማል። አንድ ጊዜ። ደግሞ። ደግሞ።)

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ስሟን ሰላም እንበለው። ክፍል ውስጥ እያዛጋች ሳለ አጠገቧ ያለ ልጅ ፎቶ አነሳት። ማታ ላይ ፎቶው ስቲከር፣ ማለትም በጽሑፍ ፋንታ የሚላክ ትንሽ ምስል ሆኖ በክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጣ። ግሩፑ የተከፈተው አሳይመንት ለመለዋወጥ ነበር። ስልሳ ልጅ አለበት።

አንዱ የሳቅ ምልክት ላከ። ሌላው ተከተለ። ሰላም ራሷም «ሃሃሃ» ብላ ጻፈች። ካልሳቀች «ፉገራ አትችልም» እንደምትባል ታውቃለች።

በሳምንቱ ስቲከሩ ሌላ ሴክሽን ደረሰ። ነካ ነካ ማድረግ ብቻ ነው፤ ስቲከሩ በፈለገው ሰው ስልክ ውስጥ ይገባል። የፈተና ቀን ሲነገር ይላካል። አንድ ልጅ የሞኝ ጥያቄ ሲጠይቅ ይላካል። ስለ ሰላም የሚያወራ ማንም የለም። ፊቷ ግን የሁሉም መልስ ሆኗል።

(ምስል፦ ልጅቷ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የስልኳ ብርሃን ፊቷ ላይ ይበራል።)

«ድሮም ተማሪ ሙድ ይያያዛል» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። እውነት ነው። እኔም በቅጽል ስም ተጠርቼ አውቃለሁ። ግን ደወል ሲደወል ወደ ቤት እሄድ ነበር። ቤት ስገባ ለእናቴ ስሜ ስሜ ነበር። የዛሬዋ ሰላም ይህ እረፍት የላትም። ሲሳቅባት የዋለው ክፍል ማታም ትራሷ ሥር ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ፊት ለፊት የተሳደበ ልጅ የተሰዳቢውን ዓይን ያያል። እንባ ሲያቀር ያያል፤ አንዳንዴም ይደነግጣል፤ ያቆማል። ስቲከር የላከ ልጅ ግን የሚያየው የሳቅ ምልክት ብቻ ነው።

ይህ የሀብታም አገር ልጆች ችግር ይመስላችኋል? በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ዩኒሴፍ በ30 አገሮች የሚኖሩ ከ170 ሺህ በላይ ወጣቶች የሰጡትን መልስ ይፋ አድርጎ ነበር። ከሦስቱ አንዱ በኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያለ ጥቃት ደርሶብኛል አለ። ከአምስቱ አንዱ በዚሁ ምክንያት ከትምህርት ቤት ቀርቶ ያውቃል። ኢትዮጵያ ከእነዚያ አገሮች መካከል አልነበረችም። ግን ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች መልስ ከሰጡት ውስጥ 34 በመቶዎቹ ጥቃቱ ደርሶብናል ብለዋል። ሩቅ አይደለም።

(ምስል፦ ስልሳ ትናንሽ የፕሮፋይል ክቦች። አምስቱ ቀይ ናቸው። የቀሩት ግራጫ።)

እነዚህን ግራጫዎቹን እዩአቸው። ስቲከሩን የሚልኩት አራት ወይም አምስት ልጆች ናቸው። የቀሩት አይተው ያልፋሉ። ብዙዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ «ነገ በእኔ ላይ ይዞራል» ብለው ይፈራሉ። ሰላም ግን ዝምታቸውን የምታነበው በሌላ መንገድ ነው። ሁሉም የተስማማባት ይመስላታል።

ስለዚህ ግራጫው ውስጥ ያለኸው ልጅ፣ ግሩፑ ላይ ጀግና ሁን አልልህም። በውስጥ መስመር «አይቻለሁ፣ ደስ አላለኝም፣ ደህና ነሽ?» ብለህ ጻፍላት። አድሚን ከሆንክ ደግሞ ማጥፋት በእጅህ ነው። አጥፋው።

አሁን ወደ ወላጆች ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰላም ለምን ለእናቷ አልነገረችም? መልሱን ታውቀዋለች። «ድሮም ይሄ ስልክ ነው ያበላሸሽ» ተብላ ስልኳን ትቀማለች። ያኔ የተበደለችው እሷ፣ የተቀጣችውም እሷ ትሆናለች። ሁለት ጓደኞች ቀርተውላት ከሆነ እነሱንም ታጣለች። እናቶች፣ አባቶች፣ ልጃችሁ አፍ አውጥታ ስትነግራችሁ ስልኩን አትንኩት። ቁጭ በሉና አስጨርሷት።

ከዚያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ስክሪንሾት። ቴሌግራም ላይ የላከ ሰው መልእክቱን ከሁሉም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ ስለዚህ ማስረጃው ከመጥፋቱ በፊት ስምና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ያዙት። ብሎክና ሪፖርት ከዚያ በኋላ ይመጣል። በስቲከር ጉዳይ ይቅርታ ብቻውን አይበቃም። የሠራው ልጅ በራሱ አካውንት፣ በቴሌግራም የስቲከር ቦት (ትእዛዝ ተቀብሎ በራሱ በሚሠራ አካውንት) በኩል ሊሰርዘው ይችላል። የክፍል ኃላፊው መምህር ፊት ይሰርዘው።

ነገሩ ከስቲከር ከፍቶ የራቁት ፎቶ ወይም ማስፈራሪያ ከሆነ አንድ ቀንም አትጠብቁ። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልካችሁ አይወጣም። ከፎቶው የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ብቻ ተወስዶ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላሉ ድርጅቶች ይደርሳል፤ እነሱም በዚያ ቁጥር ፎቶውን ፈልገው ከገጻቸው ላይ ያጠፉታል።

ሕግም አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 13 ላይ ሰውን በኮምፒዩተር አማካይነት ማስፈራራትን፣ ስሙን ማጥፋትን፣ መልእክት እየደጋገሙ ማስጨነቅን በእስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ስልክም በዚህ ሕግ ኮምፒዩተር ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ «ልጅ ነው» ተብሎ ብቻ አይታለፍም። የወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት የተለየ አያያዝ አስቀምጧል፤ ከዚያ በላይ ያለው በመደበኛው ሕግ ይጠየቃል። ይህን የምናገረው አንድም ልጅ ፍርድ ቤት እንዲቆም ፈልጌ አይደለም። «ቀልድ ነበር» የሚለው መልስ ድንበር እንዳለው ልጆቻችን አስቀድመው እንዲያውቁ ነው።

(ምስል፦ የሰላም ስልክ። አዲስ መልእክት።)

«እኔም ስቄ ነበር። ይቅርታ። ነገ አጠገብሽ ልቀመጥ?»

(ሰላም ለረጅም ጊዜ ታየዋለች። መጻፍ ትጀምራለች።)