ድንኳኑ የት ይተከላል? ስለ ሰው ሠራሽ ሣርና ስለ ቤት ገዢ በባሕር ዳር የቀረበ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት፣ የቤት ባለቤቶች፣ ቤት ለመግዛት በማሰብ ላይ ያላችሁ ወገኖች፣ በማሻሻጥ ሥራ የተሰማራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ እንድናገርበት የተጠየቅሁት ጉዳይ አንድ ነው። ግቢው ውስጥ ሰው ሠራሽ ሣር ያነጠፈ ሰው ቤቱን ለሽያጭ ሲያወጣ በዚያ ሣር ምክንያት ገዢ ይሸሸዋልን? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። በባሕር ዳር፣ አዎን፣ ይሸሸዋል። ገዢ ሁሉ ይሸሻል ማለቴ አይደለም፤ ቤቱን ሊኖርበት፣ ልጅ ሊያሳድግበትና ሊያረጅበት የሚፈልገው ገዢ ግን ይሸሻል። የሚሸሸውም ሣሩ ከሥሩ የደበቀውን ስለሚፈራና ከግቢው የሚጠብቀውን አገልግሎት እንደማያገኝ ስለሚረዳ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጋቢት ወር፣ ሽምብጥ አካባቢ የሚገኝ አንድ ቤት ለማሳየት እኒህን እናት ከልጃቸው ጋር ይዤ ሄድሁ። ቤቱ መልካም ቤት ነበር፤ ካርታው የተሟላ፣ ክፍሎቹ ሰፋፊ፣ ቆርቆሮው ዝገት ያልነካው። ባለቤቱ የገዢን ዓይን ይሞላል ብሎ ግቢውን ከአጥር እስከ በረንዳ በሰው ሠራሽ ሣር አልብሶት፣ አቧራው እንዳይታይም በዚያው ዕለት ጠዋት አሳጥቦት ነበር። ልጅቱ ገና ከበሩ ስትገባ «እንዴት ያምራል!» አለች። እናትየው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ዙሪያውን ቃኙና ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ድንኳን የሚተከለው የት ነው?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም። እሳቸውም መልሴን አልጠበቁም፤ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደው በምርኩዛቸው ጫፍ የሣሩን ጠርዝ ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ የተሰነጠቀ የሲሚንቶ ሊሾ ታየ፤ በስንጥቁ ውስጥ የጠዋቱ እጣቢ ከቆየ ጥቁር ዝቃጭ ጋር ተኝቷል፤ የታፈነ እርጥበት ሽታም ወጣ። እናትየው ጠርዙን መልሰው በእግራቸው ረገጥ አደረጉትና ዋጋ ሳይጠይቁ ወጡ።

የእኒህ እናት ጥያቄ ለውጭ ሰው ተራ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ግን ግቢ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚናገር ጥያቄ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ማኅበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለቅሶ ሲመጣ ግቢው የሰፈሩ ሁሉ ማረፊያ ይሆናል። የእድሩ ድንኳን ሲመጣ ካስማው መሬት ይዞ መቆም አለበት፤ በሊሾ ላይ በተለጠፈ ፕላስቲክ ውስጥ ደግሞ ካስማ አይመታም። ለበዓል በግ ሲታረድ ደሙን የሚመጠው አፈር ነው፤ በፕላስቲክ ሣር ላይ የፈሰሰ ደም በቃጫዎቹ መካከል ገብቶ ስለሚቀር፣ አጥበው የጨረሱት ሲመስል ሽታው በማግሥቱ ይመለሳል። ቡናም እንዲሁ ነው። ከምድጃ የወደቀ የከሰል ፍም በሕያው ሣር ላይ የሚተወው ጠባሳ አንድ ሁለት ዝናብ ካገኘ ይሽራል፤ ፕላስቲኩ ግን ወዲያው ቀልጦ፣ ጠርዙ የጠቆረና የደረቀ ቀዳዳ ይሆናል። ልምድ ያለው ገዢ በረንዳው አጠገብ ጎንበስ ብሎ የሚፈልገው ይህንኑ ምልክት ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከጣና ዳር የታጨደ ትኩስ ቄጠማ በፕላስቲክ ሣር ላይ ሲጎዘጎዝ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አሳዝኖኛል።

ሁለተኛው ነገር የመሬቱ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል፤ ስለዚህ በሕግ ፊት የምንሻሻጠው ቤቱንና በይዞታው ላይ ያፈራነውን ንብረት ነው። ሆኖም ልቡ በመሬቱ ላይ ያላረፈ ገዢ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አፈሩ ቀይ ነው ወይስ መረሬ? ክረምት ውሃው ወዴት ይሄዳል? ማንጎ ቢተከል ይይዛል? የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን የት ነው? እነዚህን ሁሉ ገዢው በዓይኑ ማየት ይፈልጋል፤ ሰው ሠራሽ ሣር ደግሞ አንዱንም አያሳየውም። በተለይ መረሬ አፈር ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈው ምንጣፍም አብሮት እየተነሣና እየወረደ መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ በማስቲሽ የተያያዘው ጠርዝ ይጠቀለላል። ሻጩ ምንም የደበቀው ነገር ባይኖር እንኳ ገዢው የተደበቀ ነገር እንዳለ ይጠረጥራል፤ የጠረጠረ ገዢ ደግሞ ወይ ዋጋ ይሰብራል፣ ወይ እንደ እኒያ እናት ዝም ብሎ ይወጣል።

የዚህን ዕቃ አመጣጥ ማወቅ ለፍርድ ይረዳናል። በአሜሪካ፣ በሂውስተን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አስትሮዶም የተባለ ጣሪያ የተከደነለት ትልቅ ስታዲየም ተከፈተ። ጣሪያው ብርሃን አስተላላፊ ስለነበር መጀመሪያ የተተከለበት እውነተኛ ሣር ነበር። ነገር ግን ነጸብራቁ ወደ ላይ የተመታ ኳስ ለመያዝ የሚያንጋጥጡትን ተጫዋቾች ስላስቸገረ ጣሪያው ቀለም ተቀባ፤ ብርሃን ያጣው ሣርም ሞተ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1966፣ ሞንሳንቶ የተባለው ኩባንያ የሠራው የናይለን ሣር ተነጠፈበት፤ ኋላም በዚያው ስታዲየም ስም «አስትሮተርፍ» እየተባለ በዓለም ታወቀ። እንግዲህ ይህ ዕቃ ስሙን ያገኘው ፀሐይ በተከለከለበት ጣሪያ ሥር ነው። የባሕር ዳር ግቢ የጎደለው ፀሐይ አይደለም፤ ዝናብም አይደለም። ከተማችን በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ሰርዶ የሚባለውን ሣር ማንም ሳይተክለው በየአጥሩ ሥር የሚያበቅል አገር ነው።

ፀሐዩን ካነሣን ስለ ሙቀቱም ልናገር። ሕያው ሣር ከሥሩ የመጠጠውን ውሃ በቅጠሉ እያተነነ ራሱንም አካባቢውንም ያቀዘቅዛል። ፕላስቲክ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የተቀበለውን ሙቀት ይዞ ይቀመጣል። በሞቃት አገሮች በተደረጉ ልኬታዎች የሰው ሠራሽ ሣር ገጽ በጠራራ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲደርስ ታይቷል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነው፤ በሚያዝያ አጋማሽ ደግሞ ፀሐይ በቀትር በአናታችን ላይ ታልፋለች። ገዢዎች ቤት የሚያዩት ብዙውን ጊዜ በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ ሲወጡ ነው። ልጅ ይዞ የመጣ ገዢ ልጁ ጫማውን አውልቆ ሁለት እርምጃ ከሮጠ በኋላ ወደ ጥላው ሲመለስ ካየ፣ ከዚያ ወዲያ አሻሻጩ የሚለውን መስማቱን እጠራጠራለሁ።

ስለ ዕድሜውም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥሩ የሚባለው ዓይነት ከ10 እስከ 15 ዓመት እንደሚቆይ ይነገራል፤ ይህ ግን በዕቃው ጥራትና በአነጣጠፉ ላይ የተመሠረተ ነው። እኔ ራሴ በወላጆቼ ቤት በረንዳ ፊት ያስነጠፍሁት፣ ነጋዴው «ቀለሙ አይለቅም» ብሎ የማለልኝ ሣር፣ በሦስተኛው በጋ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግርጥት ያለ መልክ ያዘ፤ ሲረገጥም ቃጫው እየተሰበረ በጫማ ተያይዞ ወደ ሳሎን ይገባ ጀመር። አባቴ ምንም አልተናገሩም። እኔ ግን ያንን ቃጫ ከምንጣፉ ላይ በጣቴ በለቀምሁ ቁጥር የወጣው ገንዘብ ያንገበግበኝ ነበር።

የተሰበረው ቃጫ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ከሽያጭ ያለፈ ነው፤ ነገር ግን በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው ሊያልፈው አይገባም። ክረምት ግቢያችንን አጥቦ የሚወጣው ጎርፍ በየቦዩ አልፎ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ይገባል። ሐይቃችን እምቦጭን ተሸክሟል፤ ደቃቅ ፕላስቲክ ልንጨምርለት አይገባም። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህ የሁላችንም አደራ ነው። በሌላው ዓለምም አመለካከቱ እየተለወጠ ነው። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 በአበባ ዐውደ ርእዮቹ ላይ ሰው ሠራሽ ሣር እንዳይቀርብ ከልክሏል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ሆን ተብለው በምርቶች ውስጥ የሚጨመሩ ደቃቅ ፕላስቲኮችን የሚገድብ ደንብ ሲያወጣ፣ በስፖርት ሜዳ ሣር ውስጥ የሚበተነውን የጎማና የፕላስቲክ ጥራጥሬ በ8 ዓመት የሽግግር ጊዜ ከገበያ እንዲወጣ ወስኗል።

ይህን ሁሉ ስል፣ ሰው ሠራሽ ሣር ያነጠፈውን ሰው መውቀሴ አይደለም። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው በጋ ረጅም ነው፤ ቧንቧ በሚጠፋበት ሰፈር ለመጠጥ ያልበቃን ውሃ ለሣር ማፍሰስ የሚከብደው ሰው አለ። አጥሩና ቤቱ ተቃርበው ፀሐይ የማይደርስበት ጠባብ ኮሪደር አለ፤ በዚያ ሣር አይበቅልም። ለእንግዳ ማረፊያ የሚያከራይ ሰውም አትክልተኛ መቅጠር ላይችል ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ቤት ለኪራይ ገቢው ብሎ የሚገዛ ነጋዴ ሣሩን እንደ ጥቅም ሊያየው ይችላል። በፎቅ በረንዳና በጣሪያ ላይም ቢነጠፍ አልቃወምም። የእኔ ክርክር መሬት ባለው ግቢ ላይ ነው።

እንግዲህ ቤታችሁን ለመሸጥ ያሰባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ገና ያላነጠፋችሁ፣ ለሽያጭ ብላችሁ አታንጥፉ። ያነጠፋችሁና ከሥሩ ሊሾ የሌለው ከሆነ፣ አንስታችሁ አፈሩን ቆፍሩና ፍግ ቀላቅሉበት፤ ሰኔ ዝናቡ ሲይዝ የሰርዶ ግንድ እየቆረጣችሁ በስንዝር ርቀት ትከሉ፤ መስከረም ላይ ግቢው ለብሶ ታገኙታላችሁ። ከሥሩ ሊሾ ካለና ማፍረሱ ከበዛባችሁ፣ ቢያንስ ካስማ የሚመታበትና በግ የሚታረድበት አንድ ጎን ወደ አፈር መልሱ። ጊዜ አጥታችሁ እንዳለ ልትሸጡ ከሆነ ደግሞ፣ ገዢው በምርኩዝ ከመግለጡ በፊት እናንተው ገልጣችሁ አሳዩት፤ ከሥሩ ገረጋንቲና አሸዋ ተደርጎ፣ ውሃ የሚወርድበት ተዳፋት ተሰጥቶት እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተነጠፈ በግልጽ ንገሩት። ሣሩ ከቤቱ ጋር የሚቀር ወይም የሚነሣ መሆኑም በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፤ በዚህ ጉዳይ ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን የተጣሉ ሻጭና ገዢ አስታርቄ አውቃለሁ።

የሽምብጡ ባለቤት የእኒያን እናት ነገር በነገርሁት ጊዜ መጀመሪያ ተቆጣኝ። ግንቦት ላይ ግን ደውሎ ሁለት የቀን ሠራተኛ እንድፈልግለት ጠየቀኝ። ሣሩን አነሡ፤ ሊሾውን ከመኪና ማቆሚያው በቀር በዶማና በመዶሻ አፈረሱት፤ ቀይ አፈር ሞሉበትና ሰርዶ ተከሉ። ለእናትየው ልጅ ደውዬ ነበር፤ እነሱ ግን ዓባይ ማዶ ሌላ ቤት ገዝተው ገብተዋል። ቤቱን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሌላ ቤተሰብ ገዛው። ለመክፈል የተስማሙ ቀን አባወራው ውሉን ከማንበቡ በፊት ግቢው መሐል ቆሞ ጫማውን አወለቀ፤ እኛም በረንዳው ላይ ሆነን ጠበቅነው።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄያችሁ ትቼዋለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።