የፍሪጁ መዝገብ በማን እጅ ይሁን?

የኮምቦልቻ ተማሪዎችና መምህራን፣ ከደሴ የወረዳችሁ ወዳጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የክትባት ፍሪጅ በር ላይ የምትለጠፍ ወረቀት አለች። ጠዋትና ማታ ሙቀቱ ይጻፍባታል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። አንድ ጤና ጣቢያ ያየኋት ወረቀት ላይ ሳምንቱ ሙሉ 4፣ 4፣ 4 ይላል። በአንድ እስክሪብቶ፣ ባንድ ቁጭታ የተጻፈ። በዚያ ሳምንት ግን መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር። በሩ ላይ ልጇን ያዘለች እናት ተራ ትጠብቃለች። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ሙቀቱን ራሱ የሚለካ ሴንሰር ብናስገባበትስ? ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩ አንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ያው ወረቀት ነው፤ ይሰረዛል። የእድር መዝገብን አስቡ። አራት ሰው ቅጂ ቢይዝ፣ እያንዳንዱ ገጽም የቀደመውን ገጽ ማኅተም ቢሸከም፣ የድሮውን ገጽ ነካክቶ መደበቅ አይቻልም። ብሎክቼይን ማለት ይኸው ነው።

ብሎክቼይን ሲባል ብዙ ሰው በፈረንጆቹ 2009 የተጀመረው የዲጂታል ገንዘብ፣ ቢትኮይን፣ ትዝ ይለዋል። የሱ መዝገብ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ነው። ሴንሰሯን ለማንቀሳቀስ የምንጠቀምባት ትንሽ ቺፕ፣ ኢኤስፒ32፣ ደግሞ ያላት ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) 520 ኪሎባይት ብቻ ነው። አይገናኙም! ስለዚህ ሥራውን እንከፋፍለው። ሴንሰሯ ለክታ ንባቡ የሷ መሆኑን በሚስጥር ቁልፍ ትፈርም፤ በቃ። ፊርማውን አጣርቶ መዝገቡን የሚይዘው ራስበሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ይሁን። አራት ይኑሩን፦ አንዱ ጤና ጣቢያው፣ አንዱ ወረዳው፣ አንዱ መጋዘኑ፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲው ጋ። አባላቱ ስለሚተዋወቁ መብራት የሚበላው ማይኒንግ፣ ማለት ገጽ ለመጻፍ ኮምፒውተሮች በስሌት የሚሽቀዳደሙበት ሥራ፣ አያስፈልግም፤ በድምፅ ይስማማሉ። ከአራቱ አንዱ ቢዋሽ ወይም ቢበላሽ ሦስቱ ይቀጥላሉ። ኔትወርክ ሲሄድ ንባቡ እዚያው ይቆያል፣ ሲመለስ ይላካል። ለኛ አገር ኑሮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ሴንሰሩን ከፍሪጁ አውጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚከተውን ሰው ብሎክቼይን አይዘውም። ውሸቱን በታማኝነት መዝግቦ ያኖረዋል። ስለዚህ ሴንሰሩ የት እንደተቀመጠ፣ ሳጥኑ እንዴት እንደታሸገ፣ የመፈረሚያው ቁልፍ የት እንዳለ ደጋግማችሁ እዩ። ቁልፉን ኮዱ ውስጥ ጽፎ መተው ቤት ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ እንደ መስቀል ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን የሚይዙ አራት ሳጥኖች አሉ። ኑና አንዱን ንቀሉት፤ ሌሎቹ መጻፋቸውን አያቆሙም። ከዚያ መልሳችሁ ሰኩት፤ ያመለጠውን ገጽ ከጎረቤቶቹ ሲቀበል ታያላችሁ።

አመሰግናለሁ።