አራተኛው ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። መስኮቱን ከፈት አድርጌዋለሁ፣ በየመሃሉ አውሮፕላን ከሰማችሁ እሱ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሄንስ ፖይንት ነኝ፤ ኢስት ፖቶማክ የሚባለው የጎልፍ ሜዳ ፓርኪንግ ውስጥ። አሁን ተጫውቼ መውጣቴ ነው። ጫማዬ በጤዛ ርሷል።

«ጎልፍ የሀብታም ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ጎልፍ ማለት ለእኔ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ያለው አጥር ነበር። ሜዳውን አላውቀውም፣ አጥሩን ነው የማውቀው። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላም አንድ ቀን አንድ የግል ክለብ በር ላይ ቆሜ ልጠይቅ ስል፣ ጥበቃው ገና አፌን ሳልከፍት «የምታደርሰው ምግብ ለማን ነው?» አለኝ። ሰላም ብዬ ተመለስኩ። ግን ቆጨኝ። ለብዙ ጊዜ ቆጨኝ።

ያኔ ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ ዲሲ ውስጥ የሕዝብ የሆኑ ሦስት የጎልፍ ሜዳዎች መኖራቸው ነው። መሬታቸው የብሔራዊ ፓርክ ነው። አባልነት የለም፣ ዋስ የለም፣ «ማን ላከህ?» የለም። ከፍለህ ትገባለህ፣ አለቀ። ዘጠኝ ጉድጓድ፣ ማለትም ኳሷን ተራ በተራ ዘጠኝ ጉድጓድ ውስጥ እያስገባሁ፣ በእግር ለመጫወት የምከፍለው አንድ ክትፎ ከምበላበት ብዙም አይርቅም።

ኢስት ፖቶማክን ልንገራችሁ። መሬቱ ድሮ አልነበረም። ከፖቶማክ ወንዝ በወጣ ደለል የተሠራ ነው። ለዚህ ነው እንደ ምጣድ ዝርግ የሆነው። ለጀማሪ ደግሞ ዝርግ ሜዳ ደግ ነው፤ ኳስህን ከሩቅ ታያታለህ፣ ጉልበትህም አይደክምም። ባለ 18 ጉድጓድ አንድ ሜዳና ሁለት ትንንሽ ሜዳዎች አሉት። ስትመታ ከፊትህ የዋሽንግተን ሐውልት ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከጎንህ ወንዙ ነው፣ ከራስህ በላይ ወደ ሬገን ኤርፖርት የሚወርደው አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ያልፋል። ታይዳል ቤዚን የሚባለው ኩሬ ዙሪያ የቼሪው አበባ ረግፎ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ እዚህ ዳሩን ይዞ ያለው ጽጌረዳማው ቼሪ ገና መፍካቱ ነው። ልጅ ያላችሁ ደግሞ እዚሁ ግቢ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የሚሠራ ሚኒ ጎልፍ አለ። ልጄን ያስጀመርኳት እዚያ ነው።

ሁለተኛው ሮክ ክሪክ ነው። 16ኛ ጎዳናን የማያውቅ ሀበሻ ዲሲ ውስጥ የለም፤ ከዚያ ብዙም አይርቅም። በ1923 የተከፈተ፣ ዳገት ቁልቁለት የበዛበት፣ ጫካ ውስጥ ያለ ሜዳ ነው። እዚያ ብዙ አልተጫወትኩም፣ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ልቤ ያለው ሦስተኛው ጋ ነው። ላንግስተን። ቤኒንግ ሮድ ላይ፣ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር።

ታሪኩን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ላንግስተን ከመከፈቱ በፊት ጥቁር ሰው ዲሲ ውስጥ የሕዝብ በተባሉት ሜዳዎች እንደ ልቡ መጫወት አይችልም ነበር። የተተወለት ሊንከን መታሰቢያ አጠገብ ያለ፣ ግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት ቦታ፣ ሣር ሳይሆን አሸዋ የሆነ፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ሜዳ ነበር። በ1937 ደግሞ 13 ጥቁር ሴቶች ተሰብስበው ዌክ ሮቢን የሚባል የጎልፍ ክለብ መሠረቱ። አብዛኞቹ ባሎቻቸው ሮያል የሚባለው የወንዶቹ ክለብ አባላት ነበሩ። ሴቶቹም ወንዶቹም ለመንግሥት ደጋግመው አቤት አሉ። በ1939 ላንግስተን ተከፈተላቸው፤ ድሮ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት ላይ፣ ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ። እነሱ ግን «ይበቃናል» አላሉም። በ1941 ሦስት ጥቁር ሰዎች ኢስት ፖቶማክ፣ አሁን እኔ መኪናዬን ያቆምኩበት ቦታ፣ ሊጫወቱ መጡ። ተሰደቡ፣ ተንጓጠጡ። በዚያው ዓመት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢከስ የከተማው የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ አዘዙ። ላንግስተን 18 ጉድጓድ የሆነው በ1955 ነው።

ስሙ ራሱ የጆን መርሰር ላንግስተን ነው። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት ያቋቋሙ፣ ከቨርጂኒያ ለኮንግረስ የበቁ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ናቸው። ሃዋርድ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያው ነው። በ1975 ማስተርስ በሚባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር የተጫወተው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሊ ኤልደርም፣ በኋላ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ላንግስተንን አስተዳድሯል።

እኔ ታዲያ መጀመሪያ ላንግስተን የሄድኩት ሌሊቱን ሺፍት ሠርቼ፣ ሳልተኛ ነው። ብቻዬን ነበርኩ። ብቻህን ከሄድክ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ያቀላቅሉሃል፤ ወጉ አራት ሆኖ መጫወት ነው። አንድ አዛውንት፣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና አንዲት ዳኛ ደረሱኝ። ሴትዮዋ ዳኛ መሆናቸውን የሰማሁት ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ስንደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ኳሳቸው ውሃ ስትገባ አብሬያቸው ስፈልግ ነበር።

ያን ቀን የገና ጨዋታ ትዝ አለኝ። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ገና ሲደርስ ጫፉ የጎበጠ እንጨት ፍለጋ እንወጣለን። ቆርጠን፣ በእሳት ለብለብ አድርገን፣ ልጠን ዱላ እንሠራለን። ሩሯ እንደተጣለች ባላገሩ፣ ዳኛው፣ እረኛው፣ ባለ ርስቱ ሁሉ እኩል ይሯሯጣል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። አጎቴ አንድ ጊዜ የሰፈሩን ትልቅ ሰው ቁርጭምጭሚት በዱላ መታቸው። ሰውዬው ትንሽ አነከሱና ተመልሰው ሩሯን ያዙ። በሌላ ቀን ቢሆን አጎቴ አገር ይለቅ ነበር። ለእኛ ግን ያ ቀን በዓመት አንዴ ነው። እዚህ በየሳምንቱ አገኘሁት።

ስለ አዛውንቱ ልንገራችሁና ላብቃ። ሰማንያን ያለፉ ይመስሉኛል። ጋሪ አይጠቀሙም፣ ቦርሳቸውን ራሳቸው ይሸከማሉ። እኔ ዱላውን ጨብጬ ስይዝ ጣቶቼን አዩአቸው፤ ነጥተዋል። ምንም ሳይሉ ትንሿን ጣቴን በሁለት ጣታቸው ላላ አደረጓት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች። ግሪን ላይ ስንደርስ ደግሞ ከኪሳቸው ትንሽ መንቃሻ አወጡ። ኳስ ከላይ ወርዶ ሲያርፍ ሣሩን ይሰረጉደዋል። በርከክ ብለው የራሳቸውን ስርጉድ በመንቃሻው ጠጋ ጠጋ አድርገው አቃኑና በጫማቸው ሶል ደልደል አደረጉት። ከዚያ ተነሡ ስል፣ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብለው ሌላ ስርጉድ አቃኑ። ከዚያ ሌላ። የእሳቸው አይደሉም፤ ከእኛ በፊት ያለፈ ሰው ጥሏቸው የሄደ ነው። በየግሪኑ እንደዚያ እያደረጉ 18ቱን ጨረስን። እኔም መንቃሻ ገዛሁ። አሁን እዚህ፣ ሲኒ መያዣው ላይ ተቀምጧል።

ጀማሪ ለሆናችሁ፣ ሜሪላንድ በኩል ለምትኖሩ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስላይጎ ክሪክ አለ። ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ነው፣ ዲሲን የሚዞረው ቀበቶ መንገድ (ቤልትዌይ) አጠገብ። የመኪናው ጩኸት ይሰማል፣ ቢሆንም ከሥራ በፊት ተጫውቶ ለመድረስ ይመቻል። ሙሉ የዱላ ስብስብ አትግዙ። አንድ ሰባት ቁጥር የሚባል የብረት ዱላና አንድ ፑተር፣ ግሪን ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የምትገፉበት ዱላ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ ያገለገለውን ፈልጉ። ቀስ የምትሉ ከመሰላችሁ ከኋላ ያሉትን አሳልፏቸው፣ ነውር አይደለም። ሰው ሊመታ ሲዘጋጅ ደግሞ ዝም በሉ። እስክስታው ከጨዋታው በኋላ ይደርሳል።

የፊታችን ቅዳሜ ላንግስተን ነኝ፣ ገና ሲነጋ። አዛውንቱ ይመጣሉ፣ ሹፌሩም ይመጣል። ዳኛዋ ሥራ አለባቸው። አራተኛ ሰው ጎድሎናል።