እንጀራው ባያሳስብ ድንጋይ እማር ነበር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ደመወዝ፣ የሥራ ማስታወቂያና የቤተሰብ ተስፋ ከምርጫዬ ላይ እጃቸውን ቢያነሡልኝ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ምን እንደምማር ለብቻዬ ላወጋችሁ ነው። መልሱን እስከ መጨረሻው ላንጠልጥለው አልፈልግም፤ የምማረው ጂኦሎጂን ነው፣ ሥነ ምድርን።

ሙያዬ የሒሳብ ምርመራ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በእኛ ጊዜ ተማሪ ምርጫውን በቅጽ ላይ በቅደም ተከተል ይሞላና ውጤቱ ከትምህርት ክፍሎቹ የመቀበል አቅም ጋር ተመዝኖ ምድቡ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሰፈርተኛው የሚጠይቀው ጥያቄ «ምን መረጥህ?» ሳይሆን «ምን ደረሰህ?» የሚል ነው። ለእኔ አካውንቲንግ ደረሰኝ፤ እንጀራ አብልቶኛልና ቅሬታ የለኝም። መንግሥት በአንድ ወቅት ከመቶ ተማሪ 70ው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ሲወስንም ስሌቱ ለአገር የሚያስፈልገውን ባለሙያ መቁጠር ነበር፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ሆኖም በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ «አንተን ራስህን እንቅልፍ የሚነሣህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም በአሥራ ስምንት ዓመቴ መልስ የምሰጠው አይመስለኝም።

ለምን ድንጋይ ትሉኝ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በመኪና የተጓዘ ሰው ሁሉ መልሱን በመስኮት አይቶታል። ጎሃ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ በጠመዝማዛው እየዞረ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ከዚያም ወደ ደጀን እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል። ተሳፋሪው በዚህ ሰዓት የሚያስበው ስለ ፍሬኑና ስለ ሙቀቱ ነው፤ አይፈረድበትም። ይሁንና በመንገዱ ዳር የተቆረጠው ገደል ዘመንን ከላይ ወደ ታች ደርድሮ ያሳያል። ከአናቱ ላይ የግንባታ ሰዎች ጥቁር ድንጋይ የሚሉት ባዛልት ተነባብሯል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ እየፈሰሰ የሰሜን ምዕራቡን ደጋ የገነባ፣ የሰሜን ተራሮችንም ያቆመ ቅልጥ አለት ነው። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፤ ዝቅ ሲል በባሕር ውስጥ የተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጀሶና የጭቃ ድንጋይ የተፈራረቁበት ክፍል ይከተላል፤ ከሁሉ በታች፣ ወደ ወንዙ ግድም፣ ሌላ ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ አለ። የኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ባሕር እስከዚህ ድረስ ገብቶ እንደነበር የሚመሰክር ሲሆን የዛጎል ቅሪቶችም ይገኙበታል። ጀሶ ያለበት ክፍል ደግሞ በጂኦሎጂ ጽሑፎች ውስጥ የሚጠራው «የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን» ተብሎ ነው። ሾፌሮች ሻይ ጠጥተው፣ ጎማቸውን ረግጠው አይተው ቁልቁለቱን የሚጀምሩባት ከተማ የጁራሲክ አለት መጠሪያ ሆናለች፤ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩ ዕለት በአንድ ጽሑፍ ይህን ያህል መደሰቴ ለራሴም ገርሞኛል።

ከሁሉም በላይ የሚማርከኝ ግን ከንብርብሮቹ አንዱ ሳይሆን የላይኛው አሸዋ ድንጋይ አብቅቶ ጥቁር ድንጋዩ የሚጀምርበት መስመር ነው። ሁለቱ አለቶች ተጣብቀው ይቆማሉ፣ መዳፍን ዘርግቶ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ መንካት ይቻላል፤ በመካከላቸው ግን ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዘመን ጎድሏል። በዚያ ዘመን የተከማቸ ነገር ከነበረ ዝናብና ወንዝ ጠርገው ወስደውታል፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው የተከማቸ ነገር አልነበረም። ዳይኖሰሮች የጠፉበት ጊዜ እንኳ የወደቀው በዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው። ሒሳብ መርማሪ ነኝና ከመዝገብ ላይ የተገነጠለ ገጽ ዓይኔን ከተጻፈው ገጽ ይልቅ ይስበዋል፤ ልዩነቱ በእኔ ሥራ ገጹ ሲጎድል የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያ የጎደለውን ዘመን የሚገምተው ከግራና ከቀኝ፣ ከላይና ከታች ያለውን በማመሳከር፣ አንዳንዴም የዚያን ዘመን አለት ሌላ አገር ድረስ ሄዶ በመፈለግ ነው። ይህን የማመሳከር ሥራ በሥርዓት መማር እመኛለሁ።

እዚህ ላይ አንድ አቋሜን ልናገር። የአንድን ትምህርት በጣም ውብ ክፍል መውደድ ፍላጎት አይባልም ብዬ አምናለሁ። የኤርታ አሌን የላቫ ሐይቅ በሌሊት አይቶ የማይደነቅ ማን አለ? እዚያ ድረስ ሁላችንም የሥነ ምድር አፍቃሪዎች ነን። ፍላጎት የሚፈተነው በአሰልቺው ክፍል ነው፤ ለጂኦሎጂ ተማሪ ደግሞ አሰልቺ የሚባለው ክፍል የማዕድናት ጥናት ይመስለኛል። አንድ ወዳጄ ከሚያስተምርበት ቤተ ሙከራ አስገብቶ አሳይቶኛል። የድንጋዩ ቁራጭ በመስታወት ላይ ተለጥፎ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስ ይፈጫል፤ በዚህ ውፍረት ላይ ያ በመንገድ ሥራ የምናውቀው ጥቁር ድንጋይ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። በልዩ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ኦሊቪን የሚባለው ማዕድን ሰማያዊ፣ ሐምራዊና አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ በዙሪያው ነጭና ግራጫ መስመር ያላቸው ቀጫጭን የፌልድስፓር ዘንጎች ተበታትነዋል። መስታወቱ የተቀመጠበትን የማይክሮስኮፑን መድረክ በእጅ ሲያዞሩት እያንዳንዱ ቅንጣት በአንድ ሙሉ ዙር አራት ጊዜ ይጨልማል፤ ተማሪው የሚጨልምበትን ማዕዘን እየለካ ይመዘግባል፣ ከዚያ ቅንጣቶቹን ነጥብ በነጥብ ይቆጥራል፣ እንደገናም ይቆጥራል። ወዳጄ ተማሪዎቹ የሚያማርሩት ይህንን እንደሆነ ሲነግረኝ እኔ ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ማንሣት አቅቶኝ ነበር። ምርጫዬ የቆረጠው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ድንጋይን የማውቀው በደረሰኝ ላይ፣ ስንት ቢያጆ ከየትኛው የድንጋይ ካባ በስንት ብር እንደገባ በሚገልጽ መስመር ብቻ ነበር።

ይህን ምርጫዬን ለሰው ስናገር አብዛኛው ሊያግዘኝ ይፈልጋል። «ጥሩ ነው፣ ወርቅ አለ፣ ፖታሽ አለ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል አለ፤ ሥራ አታጣም» ይለኛል። ቅን አስተያየት ነው፤ ነገር ግን የምመኘውን ነገር በማዕድን ዋጋ እንድከላከል ያስገድደኛልና አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ሲነሡ የሙያው ጠቃሚነት ለሁላችንም ግልጽ ሆነ። እኔም አዲስ አበባ ባለ ፎቅ ላይ ሆኜ መብራቱ ሲወዛወዝ ካዩት አንዱ ነበርኩ። እንደ ጎረቤቶቼ ፈርቻለሁ፤ ፍርሃቱ ሲለቀኝ የቀረው ግን ከምድር በታች ቅልጥ አለት ስንጥቅ እየከፈተ በየት በኩል እንደሚሄድ የማወቅ ጉጉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የምድር ክፍል እስከ 8 ሜትር መከፈቱን ያነበብኩትም በዚያው ሰሞን ነው።

የዚህ ጉጉት ታሪክ በአራት ኪሎ ረጅም ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን መሥራቹ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒዬር ጉዌን ነበሩ። እኚህ ሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያውን መሣሪያ ንባብ ብቻ ይዘው አልተቀመጡም፤ መሣሪያ ባልነበረባቸው ዘመናት የደረሱትን የመሬት መንቀጥቀጦች ከዜና መዋዕሎችና ከተጓዦች ጽሑፍ እየለቀሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የሰሜን ሸዋዋን ካራ ቆሬ ያናወጠውንና ማጀቴን ያፈረሰውን ጨምረው የአካባቢያችንን የርዕደ መሬት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። የነገሥታት ታሪክ ጸሐፊ ስለ ዘመቻ ሲጽፍ በመሃል የጣላት አንዲት መስመር ከዘመናት በኋላ የሳይንስ መረጃ ስትሆን ማየት፣ ለእኔ ከወርቁም ከፖታሹም ይበልጣል።

ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ግን ይህን ሁሉ አልነግረውም፤ ቢያንስ እናቱ ጉልት እየቸረቸረች ያስተማረችው ልጅ ከሆነ። ለፍላጎት ብቻ መማር የሚቻለው የቤት ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ ነው፤ ያልተከፈለበትን ሰው «ልብህን ተከተል» ማለት በሰው ቁስል ላይ መቀለድ ይመስለኛል። ወላጅ «ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ሲል የሚጠይቀው ስለ ነገው እራት ጭምር ነውና ክብር ይገባዋል።

የእኔ ኪራይ ተከፍሏል፤ እንቅፋቴ ሌላ ነው። ሥራ ላይ ላለ ሰው የማታው ትምህርት ክፍት የሚሆነው በአብዛኛው ለንግድ ሥራና ለመሰል ትምህርቶች ሲሆን፣ ጂኦሎጂ ደግሞ የቀን ቤተ ሙከራና ሳምንታት የሚፈጅ የመስክ ሥራ ይጠይቃል፤ መዶሻ፣ ኮምፓስና ማስታወሻ ይዞ አለት ሥር መዋልን በማታ ክፍል መተካት አይቻልም። ስለዚህ ለጊዜው ያደረግሁት የመጀመሪያ ዓመት የማዕድናት መማሪያ መጽሐፍ ከወዳጄ ተውሶ ማንበብ ነው፤ የክሪስታል ቅርጾች ምዕራፍ ላይ ነኝ፣ ይከብዳል፣ ጂኦሜትሪውን ከአሥረኛ ክፍል ጀምሬ መከለስ ነበረብኝ።

የእናንተንም ምርጫ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አንዳንዶቹን አሰማለሁ። ስትልኩ ግን የትምህርቱን ስም ብቻ አትንገሩኝ፤ ሌላው ሰው ከሚሸሸው አሰልቺ ክፍል የትኛውን ቁጭ ብላችሁ እንደምትችሉት ጨምሩበት።