ሁለት ሴንሰር ይዞ የሕንፃን ሞድ ሼፕ ማውጣት

[ምስል፦ አዳማ፣ የአንድ ጂ+4 ሕንፃ ጣሪያ። ነፋሱ ማይኩን ይመታዋል።]

የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም። አዳማ አንድና ሁለት ላይ የቆሙት 136 ተርባይኖች እሱን ተማምነው ነው። ለእኛ ደግሞ ነጻ ጉልበት ነው፦ ሕንፃውን ለማወዛወዝ ማሽን መከራየት አያስፈልግም፤ ነፋሱና በሥር የሚያልፈው ሲኖትራክ ይበቃሉ።

ሞድ ሼፕ ማለት ሕንፃው በራሱ ድግግሞሽ ሲወዛወዝ የሚይዘው ቅርጽ ነው። አንዱን አክስሌሮሜትር (ንዝረት የሚለካ ሴንሰር) ጣሪያው ላይ እናስቀምጣለን፤ እስከ መጨረሻው አንነካውም። ሌላውን ይዘን ፎቅ በፎቅ እየወረድን እንቀዳለን። የሁለቱ ሰዓት አንድ ካልሆነ ግን ፌዙ (የአንዱ ውዝዋዜ ከሌላው ምን ያህል እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ) ይበላሻል፤ ልፋቱም ከንቱ ነው።

ጣሪያው ላይ ያለው ለምን አይነካም? ብዙ ተማሪ የየፎቁን ንዝረት ለየብቻ ለክቶ ይደረድራል። አራተኛ ፎቅ ላይ ነፋሱ በርትቶ፣ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ጋብ ቢልስ? የወጣው ቅርጽ የሕንፃው ሳይሆን የነፋሱ ነው። የምንፈልገው በዚያው ቅጽበት ፎቁ የጣሪያውን ስንት እጅ እንደተወዛወዘ ነው።

[ምስል፦ የጣሪያው ስፔክትረም፣ ንዝረቱ በየድግግሞሹ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ግራፍ]

ለምሳሌ ያህል፣ ጫፎቹ፣ ማለትም የሕንፃው የራሱ ድግግሞሾች፣ 2 እና 5.8 ሄርዝ ላይ ናቸው እንበል። 25 ሄርዝ ላይ እንደ መርፌ የቆመውን ተዉት፤ መብራት ሲጠፋ የተነሳው ጄኔሬተር ነው። በደቂቃ 1500 ዙር፣ በሰከንድ 25 ማለት ነው።

እያንዳንዱ ጫፍ ላይ የፎቁንና የጣሪያውን ክሮስ ስፔክትረም (ሁለቱ በየድግግሞሹ ምን ያህል አብረው እንደሚወዛወዙ የሚያሳየውን) ለጣሪያው የራሱ ስፔክትረም እናካፍላለን። ፎቆቹ በክብደትም በጥንካሬም እኩል ከሆኑ፣ 2 ሄርዝ ላይ ከጣሪያ ወደ ታች 1፣ 0.92፣ 0.76፣ 0.55፣ 0.28 እናገኛለን፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነው። 5.8 ሄርዝ ላይ ግን 1፣ 0.31፣ −0.59፣ −1.09፣ −0.83 ይሆናል። ኔጌቲቩ የመጣው ከፌዙ ነው፤ 180 ዲግሪ ዞሯል። ጣሪያው ወደ ሞጆ ሲሄድ ሦስተኛው ፎቅ ወደ መተሐራ ይሄዳል ማለት ነው። በአራተኛውና በሦስተኛው መካከል ደግሞ የማይንቀሳቀስ ቦታ አለ፤ ቋሚውን ሴንሰር እዚያ ብናስቀምጠው ኖሮ ሁለተኛውን ሞድ (የ5.8 ሄርዙን ውዝዋዜ) ጭራሽ አናየውም ነበር።

ካሬ ሕንፃ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በሁለቱም አቅጣጫ በተቀራረበ ድግግሞሽ ስለሚወዛወዝ ሁለት ሞዶች አንድ ጫፍ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ማካፈል ብቻውን የሚሰጠን ቅልቅላቸውን ነው። ያኔ በሁለቱም አቅጣጫ ለክተን የስፔክትረም ማትሪክሱን (የስፔክትረሞቹንና የክሮስ ስፔክትረሞቹን ሰንጠረዥ) በኤስቪዲ፣ ማትሪክስን ወደ ዋና ዋና ክፍሎቹ በሚለያይ የሂሳብ ዘዴ፣ እንበትነዋለን፦ የመጀመሪያው ቬክተር ጎልቶ የወጣውን ሞድ ይሰጠናል፣ ሁለተኛው ተደብቆ የነበረውን። ፓይተን ላይ በናምፓይ የሂሳብ ላይብረሪ አንድ መስመር ነው።