ጨርቁን ገልብጣችሁ እዩት፦ ስለ ዳካው ጃምዳኒ

የተከበራችሁ ሸማኔዎች፣ ፈታዮች፣ ጥለት አውጪዎችና የሸማ ነጋዴዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ስለ ቤንጋል ባህላዊ ጥበባት ጠቅለል አድርጌ እንድናገር ነበር። ቤንጋል፣ ባንግላዴሽንና ከሕንድ አጠገቧ ያለውን ክፍል የሚይዘው አገር፣ ሰፊ ነው። የዱርጋ በዓል የሸክላ ምስሎች አሉ፣ የባውል ዘፋኞች አሉ፣ ለዘመን መለወጫ ጎዳና የሚወጡ ጭምብሎች አሉ። ሁሉንም ልለፋቸውና፣ ድርና ማግ ለምታውቁ ሰዎች ስለ ድርና ማግ ላውራ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ባኩ ላይ በተደረገው የዩኔስኮ ጉባኤ የመስቀል በዓላችን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር፣ የባንግላዴሽ የጃምዳኒ ሽመናም በዚያው ጉባኤ ሰፍሯል። እኛም እልል አልን፣ እነሱም ደስ አላቸው። ከዚያስ?

ጃምዳኒ ጌጥ የገባበት ስስ የጥጥ ጨርቅ ነው። የሚሠራው ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ ወጣ ብሎ፣ በሺታላክሺያ ወንዝ ዳርቻ፣ ሩፕጋንጅና ሶናርጋዎን አካባቢ ነው። ዕቃው እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ይቀመጣል፣ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል። የሚለየው ባንድ መሸመኛ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መቀመጡ ነው፦ በቀኝ ኡስታድ የሚባለው መምህሩ፣ በግራ ሻግሬድ የሚባለው ተማሪው።

ክሩ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል። የ100 ቁጥር ክር 1 ግራሙ ወደ 169 ሜትር ይዘረጋል። እንዲህ የቀጠነ ድር ደረቅ አየር አይችልም፣ ይበጠሳል። ወንዝ ዳር መሥራታቸው ለእርጥበቱ ይጠቅማቸዋል። ክሩን ደግሞ ከሩዝ ፈንድሻ በተሠራ ሙጫ ያሹታል። ሙጫው ከበዛ ክሩ ደርቆ ይሰበራል፤ ካነሰ ፀጉር አውጥቶ እርስ በርሱ ይያያዛል።

አሁን ወደ ጌጡ። መደቡን የሚሠራው ማግ በመወርወሪያ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። የጌጡ ማግ ወፈር ያለ ነው፤ ጌጡ ባለበት ቦታ ብቻ፣ የድሩ ክር እየተቆጠረ፣ በጣት ወይም ካንዱል በሚሉት ትንሽ ሹል መሣሪያ ይሾልካል። አንድ ረድፍ ጌጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ረድፍ መደብ፣ ምት፤ እንደገና ጌጥ። ጨርቁ ላይ የተሣለ ንድፍ የለም። ኡስታዱ ቆጠራውን በቃሉ ይጠራል፣ ተማሪው እየተቀበለ ይሠራል። ቴርቻ በሚሉት ሰያፍ ጌጥ አንድ ክር ከተሳተ መስመሩ ይሰበራል። ክፋቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው፤ ጥቂት ረድፍ ሄዶ ነው የሚያጋልጠው፣ ያን ጊዜ ወደ ኋላ መፍታት ነው። ሁለቱ ሰዎች ክሩን የሚስቡበት ኃይል ካልተመጣጠነ ደግሞ ባንዱ በኩል ያለው አበባ ይጨማደዳል፣ የሌላው ይላላል። አብሮ መሥራት የለመደ ተማሪ ሲሄድ ኡስታዱ የሚጎዳው ለዚህ ነው። 5 ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ ሳሪ፣ ማለትም ሴቶች ገላቸው ላይ የሚጠመጥሙት ልብስ፣ ጌጡ ቀለል ካለ ጥቂት ሳምንት፣ ከከበደ 6 ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ስለ ዳካ ስስ ጨርቅ ሲወራ የማይቀር አንድ ተረት አለ። ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ አውራንግዜብ ልጁን «ራቁትሽን አደባባይ ወጣሽ» ብሎ ይቆጣታል። ልዕልቲቱም «ሰባት ድርብ ለብሻለሁ» ብላ ትመልሳለች። በየጉባኤው ይነገራል፣ በየሱቁ ይነገራል፣ ሰው ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ንጉሡ አለ፣ ልዕልቲቱ አለች፣ ድርቡ ሳይቀር በቁጥር አለ። ሰባቱን ድርብ የሸመነው ሰው ግን የለም! ስንት ተከፈለው ብሎ የሚጠይቅ አድማጭም የለም!

የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው። በባንግላዴሽ ዘመን መለወጫ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዳካ ነጭና ቀይ ትለብሳለች። ገበያው ውስጥ በማሽን የተሠራ፣ ናይለን የገባበት ጨርቅ በጃምዳኒ ስም ይቸበቸባል። ሕግ የለም እንዳትሉ፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ጃምዳኒን በመገኛ ቦታው ስም የሚጠበቅ የመጀመሪያ ምርቷ አድርጋ መዝግባለች። ሕጉ እያለ ነው የሚቸበቸበው። «ቅርሳችን፣ ኩራታችን» ሲል የከረመ ሰው በዓሉ ሲደርስ ርካሹን ይገዛል፤ ገዝቶም አይበቃው፣ በዚያ ዋጋ ሸማኔውን ሊከራከር ይመጣል! ይህ ንቀት ነው። ጥለቱ ታትሞበት ከውጭ የሚገባ «የሐበሻ ቀሚስ» ጎን ተቀምጣችሁ የእጃችሁን ሥራ ለምትሸጡ ይህን ማብራራት የለብኝም።

እንዴት ይለያል? ገልብጡት። በእጅ የተሠራ ጃምዳኒ ፊቱና ጀርባው ይመሳሰላል፤ የጌጡ ክር በየአበባው ስለሚመለስ ጀርባው ላይ የተቆረጠ ክር የለውም። የማሽኑ ክር ግን ካንዱ አበባ ወደ ሌላው በጀርባ ተሻግሮ በመቀስ ስለሚቆረጥ ጭራው ይቀራል፣ እጅን ይቆረቁራል። ሁለተኛ፣ በሳሪው ወገብ ውስጥ የሚሻጠውን ጫፍ እዩ፤ የእጁ ሸማኔ እዚያ ላይ ጥለት አያባክንም፣ ማሽኑ ግን እስከ ጫፍ ይቀጥላል። ካልረካችሁ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ይልማል። ናይለን ቀልጦ ይጠጥራል።

ሸማኔው ሳሪውን ይዞ የሚወጣው ዓርብ ሳይነጋ ወደሚቆመው ገበያ ነው። ሲነጋ ገበያው ይበተናል። ክሩን በዱቤ የወሰደ ሰው ሳይሸጥ መመለስ እንደማይችል ገዢው ያውቃል፤ ጊዜው የማን እንደሆነ አስቡት። ወጣቱ ይህን አይቶ በየወሩ ደመወዝ ወዳለበት የልብስ ፋብሪካ ይሄዳል። ማን ይፈርድበታል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ነጋዴዎች፣ የእጅ ሥራውንና የማሽኑን በየራሱ መደርደሪያ አስቀምጡ፣ በምን እንደተሠራም ጽፋችሁ ለጥፉ። ማኅበራት፣ የተማሪውን ክፍያ ከጨርቁ ዋጋ ለይታችሁ ወስኑ። ገዢ ደግሞ ይጠይቅ።

በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ተዘርግቷል፣ አንዱ የእጅ፣ አንዱ የማሽን። ፊታቸው ብቻ ነው የሚታየው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነም አልተጻፈበትም። ማጉያ መስታወቱም እዚያው አለ። አመሰግናለሁ።